ጆሮው ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይለትም



ክረምት ሲገባ በየካና በእንጦጦ ግርጌ ባሉ መንደሮች መድረሳዎቻችን በተማሪ ይሞላሉ። ልጆቹ ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይቀራሉ፤ ዝናቡም ቆርቆሮውን ይደበድባል። በዚህ መካከል ደጋግሞ «ምን?» የሚል፣ ሦስት ነገር ታዞ አንዱን ብቻ ፈጽሞ የሚመለስ ልጅ አለ። በትምህርት ቤትም «መጣ» ሲባል «መታ» ብሎ ይጽፋል። ብዙ ጊዜ የሚወጣለት ስም «ደንቆሮ» ወይም «እልኸኛ» ነው፤ አንዳንዴም አለንጋ ይከተላል።

ዛሬ ስለዚህ ልጅ እንነጋገራለን። ጆሮ ድምፅን ይቀበላል፤ ቃሉን ከጫጫታው ለይቶ ትርጉም የሚሰጠው ግን አንጎል ነው። ባለሙያዎች «ኦዲተሪ ፕሮሰሲንግ ዲስኦርደር» የሚሉት ችግር የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ልጁ ጸጥ ባለ ክፍል ሲመረመር ጆሮው ጤነኛ ሊባል ይችላል፤ ጫጫታ ባለበት ግን ቃላቱ ይምታቱበታል። ይህ ስንፍናም የአእምሮ ማነስም አይደለም።

ታዲያ ወላጅ ምን ያድርግ? በመጀመሪያ ልጁን ከአንገት በላይ ሐኪም ያሳየው። ኩክ የሞላው ወይም የሚመግል ጆሮ ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል፤ ሕክምናም አለው። ሁለተኛ፣ በቤት የሚነገረው ስልጢኛ፣ ጉራግኛ ወይም ኦሮምኛ ከሆነ፣ ልጁ በዚያም ቋንቋ ይቸገር እንደሆነ ይመልከት። በአማርኛ ብቻ የሚቸገር ከሆነ ቋንቋውን ገና አለመልመዱ ሊሆን ይችላል። የትኩረት ማነስም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። መለየቱ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ምርመራውም አብዛኛውን ጊዜ ከ7 ዓመት በፊት አይደረግም።

ድጋፉ ግን ምርመራውን አይጠብቅም፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ልጁ ከመንገድ ዳር መስኮት ርቆ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጥ። መምህሩ በስሙ ጠርቶ፣ ፊቱን ወደ እርሱ አዙሮ፣ ትእዛዙን አንድ በአንድ ይንገረው፤ ዋናውንም ሰሌዳ ላይ ይጻፍለት። «ገባህ?» ከማለት «ምን አልኩህ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ካልገባው በሌላ ቃል ይድገምለት እንጂ አይጩህበት። በመድረሳም ኡስታዙ ለጥቂት ደቂቃ ለብቻው ያቅራው። በቤት ሲያናግሩት ቴሌቪዥኑ ይዘጋ።

የትምህርት ሚኒስቴር በ1998 ዓ.ም. የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ አውጥቶ በ2004 ዓ.ም. አሻሽሎታል። ስለዚህ ወላጅ ርእሰ መምህሩን ቀርቦ ድጋፍ ቢጠይቅ ልመና አይደለም።

እኛ ሙስሊሞች ደግሞ ከዚያ የቀደመ አርአያ አለን። አነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ንግግራቸው በሚገባ እንዲያዝ ሦስት ጊዜ ይደግሙት ነበር። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) ቃላቸውን ልቁጠር ያለ ሰው ሊቆጥረው ይችል እንደነበር ነግረውናል። ያንን ታላቅ አደራ የተሸከሙት ነቢይ ለመድገም ካልሰለቹ፣ እኛ ለአንድ ልጅ ሁለተኛ ጊዜ መናገር ለምን ይከብደናል?

አላህ ለልጆቻችን ጠቃሚ ዕውቀትን፣ ለእኛም ትዕግሥትን ይለግሰን።