ለዕጩ መኮንንነት የሚዘጋጀው ወጣት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ወደ ጦር አካዳሚ ለመግባት የሚፈልግ ተማሪ ብዙውን ጊዜ መጥቶ የሚያማክረው የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩን ነው። እኛም የምንሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ሩጥ» እንለዋለን። እኔም ለአንድ ተማሪዬ ይህንኑ ነግሬው ነበር። ፈተናው ሦስት ወር ሲቀረው በየንጋቱ በአስፋልት ላይ አስሮጥኩት፤ ርቀቱንም በየሳምንቱ ጨመርኩበት። ፈተናውን በመልካም ውጤት አለፈ። ከገባ በኋላ ግን ሁለተኛው ወር ሳይሞላ የቅልጥሙ አጥንት ተሰንጥቆ በምርኩዝ ወደ እናቱ ቤት ተመለሰ። ሕመሙ የጀመረው በእኔ እጅ ሳለ እንደ ነበረ የነገረኝ ያን ጊዜ ነው። «ለምን አልነገርከኝም?» ብለው፣ «ጋሼ፣ ሰነፍ እንዳይሉኝ ብዬ ነው» አለኝ። ይህን ርእስ የመረጥኩት በእርሱ ምክንያት ነው።

የዚህ ዓይነቱ ስብራት እንግዳ ነገር አይደለም። ብራይትሃውፕት የተባለ የፕሩስያ ጦር ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1855 በረጅም ጉዞ በደከሙ ወታደሮች እግር ላይ የሚታየውን እብጠትና ሕመም ጽፎ አስታውቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1895 ራጅ ከተገኘ በኋላ ደግሞ የእብጠቱ ምክንያት ከጣቶች በስተኋላ ያሉት ቀጫጭን አጥንቶች መሰንጠቅ መሆኑ ታየ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ይበረታሉ፤ ጡንቻም ይከተላቸዋል፤ አጥንት ግን ዘገምተኛ ነው። ያልለመደው ጫና ሲደርስበት የተጎዳውን ክፍሉን አፍርሶ በአዲስ ይተካል፤ ማፍረሱ በሳምንታት ሲያልቅ መተካቱ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ልጁ ትንፋሹ ረዝሞ «አሁንስ በረታሁ» በሚልበት ሰሞን አጥንቱ ከወትሮው የደከመ ሊሆን ይችላል። እኔ ያን ተማሪ ለፈተና ያቀረብኩት በዚሁ ሰሞን ነበር።

በእስራኤል ሠራዊት ምልምሎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከመግባታቸው በፊት ለሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ቅርጫት ኳስ ይጫወቱ የነበሩት ከሌሎቹ ይልቅ በዚህ ስብራት ያነሰ ተጠቅተው ተገኝተዋል። መዝለል፣ መዞር፣ ድንገት መቆም አጥንትን ከየአቅጣጫው ያለማምዱታል። እንግዲህ ዝግጅቱ መጀመር ያለበት ፈተናው ሲታወጅ ሳይሆን ተማሪው ገና በዐሥረኛው ክፍል ሳለ፣ በኳስ ሜዳና በገመድ ዝላይ ነው። በአሜሪካ የዌስት ፖይንት አካዳሚ ዕጩዎች የሚፈተኑባቸው ስድስት ነገሮችም ሩጫ ብቻ አይደሉም፤ ተንበርክኮ ቅርጫት ኳስ መወርወር፣ በብረት ላይ መሳብ፣ እየተመላለሱ መሮጥ፣ የሆድ ሥራ፣ ፑሽ አፕና የአንድ ማይል ሩጫ ናቸው።

ስለ ጫማም አንድ ቃል ልበል። ባዶ እግር የተነሣ እንደ ሆነ ሁላችንም አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ያደረገውን እንጠቅሳለን። ነገር ግን የእርሱ እግር ከልጅነት ጀምሮ የጠነከረ እግር ነበር። የዛሬው የከተማ ልጅ በሸራ ጫማ ተምሮ በመጀመሪያው ቀን ከባድ የቆዳ ቡት ይጫማል። ወላጆች የሚችሉ ከሆነ አስቀድመው ቡት ይግዙለት፤ በመጀመሪያ ገበያ ደርሶ ይመለስበት፣ ቀጥሎ ዳገት ይውጣበት፤ ሩጫው ከሁሉ በኋላ ይምጣ።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ እኛ መምህራን ጨርሶ ወደምንዘነጋው ጉዳይ ልለፍ። የሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች፣ የሐረሩ አካዳሚ ደግሞ በ1950 ዓ.ም. በሕንድ መኮንኖች አስተማሪነት ሥራ ሲጀምሩ፣ ከልዩ ልዩ ቤተሰብና ቋንቋ የመጡ ወጣቶች በአንድ ጣሪያ ሥር አድረዋል። በሐረር ትምህርቱ ሦስት ዓመት ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ከማይመስሉት ጋር አብሮ መብላት፣ አብሮ መተኛት፣ አብሮ መቀጣት በፑሽ አፕ የሚለመድ ነገር አይደለም።

ያስተማርኳቸው ወንዶች ልጆች አብዛኞቹ ሸሚዛቸውን ያጠቡት እኅቶቻቸው ናቸው፤ አልጋቸውን ያነጠፉት እናቶቻቸው ናቸው። እንዲህ ያለው ልጅ ከቤት ሲወጣ የሚያስለቅሰው የአሠልጣኙ ቁጣ ሳይሆን በሌሊት ተነሥቶ ልብስ መተኮሱ ነው። ስለዚህ ወላጆችን ጠርቼ፣ «ከመሄዱ ስድስት ወር በፊት የራሱን ያጥብ፣ ሌሊት ዐሥራ አንድ ሰዓት ይነሣ፣ የእንግዳውን እግር ይጠብ» እላቸዋለሁ። አንዳንድ እናቶች ይቆጡኛል፤ «ልጄን አሁኑኑ ልትወስድብኝ ነው?» ያሉኝም አሉ። እውነታቸውን ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ልጁን ሕመሙን እንዲናገር ማስተማር ነው። ችሎ ዝም ማለትን ከቤቱ ተምሮት መጥቷል፤ እኛም አጨብጭበንለታል። በድካምና በጉዳት መካከል ያለውን ልዩነት ያላወቀ ወጣት ለአለቃው እውነተኛ ወሬ ሊያቀርብ አይችልም፤ ነገ መኮንን ሲሆን ደግሞ የወታደሮቹን እግር የሚመለከተው እርሱ ነው። እኔ አሁን በየሳምንቱ ዓርብ ከልምምድ በፊት ተማሪዎቼን በተራ እያቆምኩ ቅልጥማቸውን በአውራ ጣቴ እጫናለሁ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነጥሎ የሚያመው ካለ ሩጫ አቁሞ ወደ ሐኪም ይሄዳል፤ በሌሎቹ ፊትም ስሙ በክፉ አይነሣም።

የሳምንቱን ርቀት፣ የተሸከሙትን ክብደትና የሕመሙን ቦታ የምመዘግብበት አንድ ተራ ደብተር አለኝ። ይዤው መጥቻለሁ፤ ከስብሰባው በኋላ ሊመለከተው የሚፈልግ ባልደረባ ቢኖር በደስታ አሳያለሁ።