ስሟን ያልለወጠች ምርኮኛ መርከብ
(በታሪክ ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንዲት መርከብ ነው። ዓመቶቹንና ወሮቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

በቀድሞው ዘመን ጦርነት ሲነሣ መንግሥታት ለነጋዴዎች የፈቃድ ወረቀት ይሰጡ ነበር። ወረቀቱን የያዘ ነጋዴ በገዛ ገንዘቡ መርከብ አስታጥቆ የጠላትን የንግድ መርከብ ቢማርክ የምርኮ ፍርድ ቤት ያጸድቅለታል፤ ትርፉንም ባለገንዘቦቹና መርከበኞቹ ይካፈሉታል። ወረቀቱ የሌለው ግን የባሕር ወንበዴ ተብሎ ይሰቀላል። ይህ ልማድ በ1856 ዓ.ም. በፓሪስ ስምምነት ተከለከለ።

"ኮንፊያንስ" በ1797 ዓ.ም. በቦርዶ የተሠራች እንዲህ ያለች መርከብ ናት። ስሟ በፈረንሣይኛ "መተማመን" ማለት ነው፤ ለዘራፊ መርከብ እንዴት ያለ ስም ነው! ስመ ጥር ያደረጋት የሳን ማሎው ተወላጅ ሮቤር ሱርኩፍ ነው። በኦክቶበር 7 ቀን 1800 በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ኬንት የምትባል የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መርከብ አገኘ። ኬንት በመጠንም በሰው ብዛትም እጅግ ትበልጣት ነበር። ሱርኩፍ ከሩቅ በመድፍ መታኮስ እንደማያዋጣው ዐውቆ ተጠግቶ ሰዎቹን ወደ ኬንት አዘለላቸው። አዛዧ ሪቪንግተን ተገደለ፤ መርከቢቱም ተማረከች።

ከአምስት ዓመት በኋላ ተራው የኮንፊያንስ ሆነ። በጁን 4 ቀን 1805 በእስፓኝ አገር በሙሮስ ወደብ ቆማ ሳለች፣ ካፒቴን ፍሬደሪክ ሜይትላንድ የሚያዝባት ሎዋር የተባለች የእንግሊዝ ፍሪጌት መጣች። (ሎዋርም ራስዋ በ1798 ከፈረንሣዮች የተማረከች ነበረች።) ጄምስ ሉካስ ዮ የተባለ መኰንን ሃምሳ ያህል ሰዎች ይዞ ወደ የብስ ወጣና ምሽጉን ሰብሮ ገባ። ዕድሜው 22 ዓመት ነበር፤ ማለት ከዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው ከብዙዎቻችን አይበልጥም። ሜይትላንድ መርከቦቹን ወስዶ ከተማይቱን ሳይዘርፍ ተወ። ናፖሌዎን በ1815 እጁን የሰጠው ለዚሁ ሰው ነው።

የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከቢቱን ከነስሟ ተረከባት፤ ዮም የማረካትን መርከብ እንዲያዝባት ተሾመ። ከጠላት የተማረከ ጠመንጃ ለማራኪው እንደሚተኩስ ሁሉ፣ ኮንፊያንስም አምስት ዓመት ለእንግሊዝ አገለገለች።

ከሥራዋ ሁሉ እኔን ያሳሰበኝ የካየን ዘመቻ ነው። ካየን በደቡብ አሜሪካ የፈረንሣይ ቅኝ ግዛት ነበረች። ገዥዋ ቪክቶር ዩግ በ1794 በጓድሉፕ የባርነትን መሻር ያወጀ ሰው ሲሆን፣ ካየን ላይ ግን ባርነትን የመለሰ እሱው ነው። ዮ የፖርቱጋልን ወታደሮችና የራሱን መርከበኞች ይዞ ወደ የብስ ወጣ፤ ኮንፊያንስ ባዶዋን ልትሆን ምንም አልቀራት። በጃኑዋሪ 13 ቀን 1809 ቶፓዝ የተባለች ባለ 40 መድፍ የፈረንሣይ ፍሪጌት ለካየን ዱቄት ጭና ብቅ አለች። በኮንፊያንስ ላይ የነበሩት የዮ ታናሽ ወንድም ጆርጅና አንድ ሌላ ወጣት መኰንን፣ 25 እንግሊዞችና 20 ጥቁሮች ብቻ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ሸራ ዘርግተው፣ ሙሉ ኃይል እንዳላት መርከብ ወደ ፍሪጌቷ አቀኑ። ቶፓዝም ተታልላ ተመለሰች፤ በዘጠነኛው ቀን በጓድሉፕ አጠገብ ተማረከች።

እስኪ የካየንን የእጅ መስጫ ውል አንብቡት። በሁለቱም ወገን የተዋጉት ባሮች መሣሪያቸውን ፈትተው ወደየጌቶቻቸው እርሻ እንዲመለሱ ይላል። ድል አድራጊዎቹ ነጻነት ሰጥተው ያሰለፏቸው የፈረንሣዮች ባሮች ደግሞ፣ ቢቀሩ ሁከት ያመጣሉ ተብሎ ከአገር እንዲወጡ ተወሰነ። ለጌቶቻቸው ምትክ እንዲሰጥ የፖርቱጋል አልጋ ወራሽ ይለመናል የሚል ቃልም ገባበት። ለባሮቹ ግን ካሣ አልታሰበም።

ዮ ከፖርቱጋል ኒሻን፣ ከእንግሊዝ ንጉሥም የሰር ማዕርግ ተቀበለ። የሁለቱ ወጣት መኰንኖች ስም ተጽፏል። ስለ 20ዎቹ ጥቁሮች የሚነገረን ቁጥራቸው ብቻ ነው። መርከቢቱ በ1810 ተሸጠች።