ነጻ የወጣ ሕዝብ ማንን ይፈታል?



የምናገረው ስለ እውነተኛ ነጻነትና ስለ አገር የሞራል መታደስ ነው። ርእሱ ሰፊ ስለ ሆነ ፍሬ ነገሩን አስቀድሜ ላስቀምጥ። በክርስትና እምነት ነጻ ሰው የሚታወቀው ከእጁ በታች ያለውን ሰው በሚይዝበት አያያዝ ነው። ከበላዩ ጌታ የሌለበት ሁሉ ነጻ አይባልም፤ ከሥሩ የወደቀውን የሚፈታ ግን በእውነት ነጻ ነው። የአገር መታደስም ከዚሁ ይነሣል፤ ሰው ሁሉ ያለ አግባብ የያዘውን ሲለቅ አገር ትታደሳለች።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ክርስቶስ እውነት ነጻ እንደሚያወጣቸው ሲነግራቸው አድማጮቹ ቅር ተሰኙ። የአብርሃም ዘር ነን፣ ለማንም ተገዝተን አናውቅም የሚል መልስ ሰጡት። ይህን ሲሉ አገራቸው በሮም እጅ ነበረች፤ ግብራቸውም ለቄሣር ይገባ ነበር። ጌታ ግን ስለ ሮም አልተከራከራቸውም። ኃጢአትን የሚያደርግ ሁሉ የኃጢአት ባሪያ መሆኑን ነገራቸው። ይህ ማለት የቄሣር ቀንበር ቀላል ነው ማለት አይደለም። የእስራኤልን ጩኸት ሰምቶ ፈርዖንን የቀጣ አምላክ የግፍ አገዛዝን እንደሚጠላ ኦሪት ዘፀአት ይመሰክራል። ሆኖም ፈርዖን ከሄደም በኋላ በሰው ልብ ውስጥ የሚቀር ፈርዖን አለ። ጌታ ጣቱን ያሳረፈው በዚያ ላይ ነው።

ይህ ቃል እኛን ኢትዮጵያውያንን በተለይ ይመለከተናል። እኛም ለማንም አልተገዛንም የሚል ኩራት አለን፤ ኩራቱም በደም የተገኘ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አባቶቻችንና እናቶቻችን በአድዋ ተራሮች ያስመዘገቡት ድል ለጥቁር ሕዝብ ሁሉ የተስፋ ምንጭ ሆኗል። ያንን ድል ማሳነስ በደል ነው። ግን እውነቱን እንነጋገር። በዚያው ዘመን፣ በዚችው ነጻ አገር፣ ሰው እንደ ዕቃ ይሸጥና ይለወጥ ነበር። ባርነትን ደረጃ በደረጃ ለማስቀረት የታሰበ አዋጅ የወጣው በ1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል በሆነችበት ዓመት ነው። ፈጽሞ የሻረው አዋጅ የወጣው ደግሞ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። ከአድዋ እስከዚያ 46 ዓመት አልፏል። ፍትሐ ነገሥታችን ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ነጻ መሆኑን ያምናል፤ ባሪያን ነጻ ማውጣትም ታላቅ ምጽዋት መሆኑን ያስተምራል፤ ባርነቱን ግን አልከለከለም። ስለዚህ አንድ ሕዝብ ጾሞ፣ ቆርቦ፣ ባዕድ ወራሪን ድል ነሥቶ፣ በገዛ ጓዳው ግን ወንድሙን አስሮ ሊኖር ይችላል። ይህን የምናገረው አባቶችን ለመውቀስ አይደለም። እኛም ዛሬ የምናስረው ሰው እንዳለ እንድንጠይቅ ነው።

ከዚያ ዘመን የአንድ ሰው ታሪክ ላንሣ። ኦኔሲሞስ ነሲብ በኢሉባቦር በሁሩሙ አካባቢ የተወለደ የኦሮሞ ልጅ ነበር። ገና በልጅነቱ በባሪያ ፈንጋዮች ተነጥቆ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1870 ነጻ ወጣ። በእምኩሉ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1872 ተጠመቀ፤ ቆይቶም ስዊድን ሄዶ ተማረ። የክርስትና ስሙ ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት የምናውቀው የባሪያው የአናሲሞስ ስም ነው። ጳውሎስ ያንን ደብዳቤ የጻፈው ራሱ ታስሮ ሳለ ነበር። እስረኛው ስለ ባሪያው ማለደ፤ ዕዳ ካለበት እኔ እከፍላለሁ አለ፤ ጌታውን ፊልሞናንም እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም እንዲቀበለው ለመነ።

ነጻ የወጣው የኢሉባቦር ልጅ ምን አደረገ? ለብቻው ተመችቶት መኖር ይችል ነበር፤ እርሱ ግን ነጻነቱን ወደ ሸጡት አገር ለመመለስ ተጠቀመበት። አዲስ ኪዳንን እ.ኤ.አ. በ1893፣ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 በኦሮምኛ ቋንቋ፣ በግዕዝ ፊደል አሳተመ። በቋንቋ ሥራው ብዙ የረዳችው አስቴር ጋኖም ከባርነት የተፈታች ሴት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1904 ወለጋ ገብቶ፣ ሕፃናትን ፊደል እያስቆጠረ፣ ተቃውሞውን ሁሉ ታግሦ፣ በ1931 በነቀምቴ አረፈ። በሰው ልጅ ላይ ሊደርስ የሚችል ከባድ ነውር የደረሰበት ሰው በቀልን አልመረጠም። ለሕዝቡ ማንበብን ሰጠ። ጳውሎስ በገላትያ መልእክት ምዕራፍ 5 ነጻነት ለሥጋ ምክንያት እንዳይሆን፣ ይልቁንም በፍቅር እርስ በርስ ለማገልገል እንዲሆን ሲያዝ፣ ሐሳቡ ይህን በመሰለ ሕይወት ይገለጣል።

የክርስቲያን ነጻነት ሌላም ፊት አለው፤ ከፍርሃት መፈታት ነው። አቡነ ጴጥሮስ በ1921 ዓ.ም. ጵጵስና ከተቀቡት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ነበሩ። ፋሺስት ኢጣሊያ አገዛዙን እንዲቀበሉና አርበኞችን እንዲያወግዙ ጠየቃቸው፤ እንቢ አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአደባባይ በጥይት ተገደሉ። ያን ዕለት ጠመንጃው በማን እጅ እንደ ነበረ ሁሉም ያይ ነበር፤ ነጻው ማን እንደ ሆነ ግን ታሪክ ፈረደ።

ከ43 ዓመት በኋላ፣ በ1971 ዓ.ም.፣ ሁለት የሃይማኖት አባቶች በደርግ እጅ ተገደሉ። አንዱ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ናቸው። ሌላው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ናቸው። ቄስ ጉዲና ከአገር የመውጣት ዕድል ቢቀርብላቸውም መንጋቸውን ትተው አልሄዱም። የሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት ሥርዓት ይለያያል፤ በሞታቸው ግን አንድ ምስክርነት ሰጡ። ሞትን ያልፈራን ሰው የሚገዛ መንግሥት የለም። ቄስ ጉዲና የሚመሯት ቤተ ክርስቲያን በ1964 ዓ.ም. ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የላከችው ደብዳቤም ለርእሳችን ትልቅ ነገር ይናገራል። ሥጋውን ከነፍሱ ለይቶ ሰውን መርዳት አይቻልም፤ የውስጥ ሰውነቱ ያልታደሰ ሕዝብ በመንገድና በሕንፃ ብቻ አያድግም የሚል መንፈስ ያለው ደብዳቤ ነው።

ወገኖቼ፤ አሁን ወደ አገር መታደስ ልለፍ። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ለዚህ ጉዳይ ከመጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 5 የበለጠ ግልጽ ምሳሌ አላውቅም። ሕዝቡ ከባቢሎን ምርኮ ተመልሷል፤ የኢየሩሳሌምን ቅጥር እየሠራ ነው። በመካከሉ የድሆች ጩኸት ተነሣ። በረኃብ ጊዜ እርሻቸውን፣ ወይናቸውንና ቤታቸውን አስይዘው እህል ተበድረዋል፤ ለንጉሥ ግብር ገንዘብ ተበድረዋል፤ በመጨረሻም ልጆቻቸውን ለባርነት ሰጥተዋል። አበዳሪዎቹ ባዕዳን አልነበሩም። አብረው ከምርኮ የተመለሱ፣ አብረው ቅጥሩን የሚሠሩ ወንድሞቻቸው ነበሩ።

ገዥው ነህምያ ያደረገውን በጥሞና እንመልከት። በመጀመሪያ ኃጢአቱን በስሙ ጠራው። ሁላችንም ኃጢአተኞች ነን ብሎ አላለፈውም፤ ወለድ፣ መያዣ፣ የወንድም ሽያጭ ብሎ ለየው። ቀጥሎ እርሱም ቤተሰቦቹም ማበደራቸውን ሳይሸሽግ፣ ይህን ወለድ እንተው ብሎ ከራሱ ጀመረ። ከዚያ መመለስን ጠየቀ፤ እርሻው፣ ወይኑ፣ ወይራው፣ ቤቱ፣ የተቀበሉትም ወለድ በዚያው ቀን እንዲመለስ አደረገ፤ ካህናትንም ጠርቶ አስማላቸው። በመጨረሻም 12 ዓመት ገዥ ሆኖ ሲኖር ለገዥ የተመደበውን ቀለብ አልበላም፤ ቀንበሩ በሕዝቡ ላይ ከብዶ ነበርና።

እዚህ ላይ በአገራችን ሲነገር የኖረውን አንድ ተረት ላስታውስ፦ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላል። ይህ ተረት የስንት ትውልድ ሹም አሳስቷል! ሹመትን እንደ ማዕድ፣ ሕዝብን እንደ እህል ያሳያል። ነህምያ ግን 12 ዓመት ተሹሞ ሳይበላ ኖረ፤ ጸጸትም አልደረሰበትም። ጉቦን በዘመቻ ብቻ አናጠፋም። ይህ ተረት ከልጆቻችን አእምሮ ወጥቶ የነህምያ ታሪክ ሲገባ ግን ሥሩ ይደርቃል።

ክርስቲያናዊ ንስሐም ይኸው ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ቀራጩ ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ ያለውን እኩሌታ ለድሆች ለመስጠት፣ በሐሰት የወሰደውንም አራት እጥፍ አድርጎ ለመመለስ ቃል ገባ። መዳን ለዚያ ቤት እንደ ሆነ ጌታ የተናገረው ከዚህ ቃል በኋላ ነው። እንባ ጥሩ ነው፤ ስግደትም ጥሩ ነው። የተወሰደው መሬት በወሳጁ እጅ እያለ የሚፈስስ እንባ ግን ገና መንገድ ላይ ነው።

ታዲያ ዛሬ ከእጃችን በታች ያለው ማን ነው? ከቤታችን እንጀምር። በአንዳንድ የዐረብ አገሮች ሠራተኛን ከአሠሪው ጋር በሚያስረው በከፋላ ሥርዓት ፓስፖርታቸው ተይዞ፣ ከአሠሪ ፈቃድ ውጭ መንቀሳቀስ ተከልክለው ስለሚሠቃዩ እህቶቻችን እናለቅሳለን። ልቅሶው ተገቢ ነው። ነገር ግን በገዛ ቤታችን ከገጠር መጥታ የምታገለግለንን ልጅ እንይ። ደመወዟ በጊዜው ይከፈላታል? የዕረፍት ቀን አላት? ትምህርት ትማራለች? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የቤት ሠራተኛን ጉዳይ በቀጥታ አልሸፈነውም፤ ወደፊት ለሚወጣ ደንብ ተወው። አዋጁ ያልደረሰበት ቦታ የክርስቲያን ሕሊና የሚፈተንበት ቦታ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ፈርዖን ወይም ፊልሞና መሆን በእኛ እጅ ነው።

ወደ ትምህርት ቤት እንለፍ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከየአካባቢያቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች እንዲፈተኑ ተደረገ። ይህ የተደረገው የፈተና ስርቆትና ኩረጃ ስለ በዛ ነው። ውጤቱ ሲገለጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ተፈታኞች 3 ያህል ብቻ ነበሩ። ልጆቹን ብቻ አንውቀስ። መልስ የሸጠው፣ ያስኮረጀው፣ አይቶ እንዳላየ ያለፈው ትልቅ ሰው ነው። ልጅን በውሸት ማሳለፍ አእምሮውን ማሰር ነው፤ እውነተኛ ውጤቱን ነግሮ ማስተማር ግን ነጻ ማውጣት ነው።

ጾማችንንም እንመርምር። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ከዓመቱ ቀኖች ግማሽ ያህሉን ይጾማል። በዓለም ላይ ይህን ያህል ራሱን መግዛት የለመደ ሕዝብ ብዙ አይገኝም። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የሚወደውን ጾም ሲገልጥ የግፍን እስራት መፍታትን፣ ለተራበ እንጀራ መቁረስን ያነሣል። ከሥጋና ከወተት ለመከልከል የሠለጠነ ፈቃድ ከጉቦ፣ ከሐሰት ምስክርነት፣ ወንድምን በዘሩ ከመጥላትም መከልከል ይችላል። ኃይሉ አለን፤ የጎደለን ከማዕዱ ወደ ሚዛኑና ወደ ማኅተሙ ማሻገር ነው።

አንዳንዶች ይህ ሁሉ የግል ጉዳይ ነው፣ አገር የሚለወጠው በሕግና በተቋም ነው ይላሉ። ሕግ ያስፈልጋል፤ በጣም ያስፈልጋል። የ1934ቱ አዋጅ ባይወጣ ስንት ሰው በባርነት በሞተ ነበር! ሆኖም አዋጁ ሰንሰለቱን ቢፈታም ንቀቱን አልፈታውም። ዛሬም የሰውን ዘር ቆጥረው ከጋብቻ፣ ከማኅበርና ከማዕድ የሚርቁ አሉ። ያንን ቀሪ ሥራ የሚሠራው ከአንድ ጽዋ የሚጠጣ ሕዝብ ነው። በዚህ ምክንያት የቤተ ክርስቲያን ኃላፊነት ከሁሉም ይከብዳል። ዐውደ ምሕረቱ አንዱን ብሔር በሌላው ላይ የሚያስነሣ ቃል ከተሰማበት፣ ወይም በረከት በገንዘብ ከተሸጠበት፣ መፍቻው ራሱ ማሰሪያ ሆኗል ማለት ነው። እኛ አገልጋዮች ከሁሉ በፊት የራሳችንን ሒሳብ ለምእመኑ ግልጥ እናድርግ፤ የራሳችንን አንደበት እንግታ።

የተከበራችሁ አድማጮቼ፤

ከዚህ ጉባኤ ስንወጣ እያንዳንዳችን ሦስት ነገር እንድናደርግ እለምናለሁ። ከእጃችን በታች ያለውን አንድ ሰው በስሙ እናስብ፤ ሠራተኛ፣ ተማሪ፣ ባለጉዳይ፣ ባለዕዳ ወይም የናቅነው ጎረቤት ሊሆን ይችላል። የያዝንበትን ነገር፣ ደመወዝም ይሁን ፊርማ፣ መሬትም ይሁን ይቅርታ፣ ሳናዘገይ እንመልስለት። ለነገው ትውልድም ይህንኑ በተግባር እናስተምረው። ነህምያ በዚያው ቀን ይመለስ ያለው ነገ የሚባለው ቀን ለበደለኛ ሁልጊዜ ሩቅ ስለሆነ ይመስለኛል።

ክርስቶስ እኛን የፈታን ፈቺዎች እንድንሆን ነው። አባቶቻችን ይህችን አገር ከባዕድ ቀንበር ነጻ አድርገው አስረክበውናል። እርስ በርሳችን ከጫንነው ቀንበር ነጻ ማውጣት የእኛ ድርሻ ነው። ጸጋውን ይስጠን፤ ድፍረቱንም ይጨምርልን።