ስለ መርዶና ስለ እጅ ስልክ
(በኢዮቤልዩው በዓል በሐራ የተነገረ)



የቀደሙ ሰዎች የሞትን ነገር እንደ ገበያ ወሬ አያወሩትም ነበር። ሰው በሩቅ አገር የሞተበት ቤት ሲኖር፤ አስቀድሞ የሰማው አፉን ይዘጋል፤ ለዕድሩ ዳኛና ለንስሓ አባቱ ብቻ በምስጢር ይነግራል፤ ቀኑም ይቈረጣል። ከዚያ በኋላ ጎሕ ሳይቀድ ዘመድና ጎረቤት፤ በወሎ እንደ ልማዱ ሙስሊሙም ከክርስቲያኑ ጋራ ተሰብስቦ፤ ደጁን ያንኳኳል። እናቲቱ በሩን ከፍታ ያንን ሁሉ ሰው ባየች ጊዜ ቃል ሳይነገራት ታውቀዋለች፤ ዳሩ ግን ስትወድቅ የሚደግፋት እጅ አጠገቧ አለ። የመርዶ ጥበቡ ይኸው ነው።

ዛሬ ግን ፌስቡክና ቴሌግራም ከሽማግሌዎች ቀድመው ይደርሳሉ። በሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም በሊቢያ 30 ያህል ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ሲገደሉ የሚያሳየው ተንቀሳቃሽ ሥዕል በዓለም በተበተነ ጊዜ፤ በአዲስ አበባ በቂርቆስ ሰፈር ልጆቻቸውን በዚያው ሥዕል ለይተው ያወቁ ቤተ ሰዎች ነበሩ። ቅዱስ ሲኖዶስ ሟቾቹን ሰማዕታት ብሎ ሰየማቸው። ለእነዚያ ቤቶች ግን መርዶ ነጋሪው ገዳዩ ራሱ ሆነ።

ይህ ነገር ለሐብሩ አገር ሩቅ አይደለም፤ ልጆቹ በጅቡቲ በኦቦክ ባሕሩን ተሻግረው፤ በየመን አልፈው ወደ ሳውዲ ዓረቢያ ይሄዳሉና። በ2006 ዓ.ም ሳውዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንን ወደ አገራቸው መለሰች፤ መንገዱ ግን አልተዘጋም። ልጅቱ እንደ ደረሰች ሥዕሏን ትሰዳለች። በሥዕሉ ላይ ወርቅና መልካም ልብስ ይታያል፤ የምትጠርገው ወለልና የቀረባት ደመወዝ አይታይም። ሐሰተኛ ናት ብሎ መፍረድ አይገባም፤ እናቷ እንዳታዝን ብላ ነው። ጉዳቱ ግን ታናሽ ወንድሟ ያንን አይቶ ለመንገድ ይነሣል፤ እርስዋም ሥዕሏን ሳትመስል ወደ ቤቷ ለመመለስ ታፍራለች።

ስልኩንም መራገም ከንቱ ነው። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ሳለ፤ የልጇን ፊት በኢሞ ታይ የነበረች እናት ምን ያህል እንደ ጨለመባት የሐራ ሰው ያውቃል። የሚለመነው አንድ ነገር ነው፤ ቤተ ሰቡ መርዶውን ሳይሰማ የሟችን ሥዕል ማንም እንዳይለጥፍ፤ ዕድሮቹ ይህን በደንባቸው ቢጽፉት መልካም ነው።

ዛሬ አንድ ጎልማሳ በስደት ሲሞት፤ በስልኩ ስም ብዙ ሰው «ነፍስ ይማር» ብሎ ይጽፍለታል። ካህኑ ግን ፍትሐት ሊያደርስለት ሲነሣ የክርስትና ስሙን ይጠይቃል። ከጻፉት ሰዎች የሚያውቀው አይገኝም። የምታውቀው እናቲቱ ናት፤ ወደ እርስዋም ሽማግሌዎቹ ገና አልሄዱም።