ሌሊት የሚፈሰው ውኃ
ንባብ፦ ዮሐንስ 6፥1-13

በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በሻምቡ፣ በደምቢ ዶሎ ያላችሁ ሁሉ፣ ዛሬ የምናወራው መድረክ ላይ ብዙም ስለማይነሣ ነገር ነው፤ ስለ ሽንት ቤት። አትሳቁ! ውኃው ከተለቀቀ በኋላ አልቆም ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ሲፈስ የሚያድርበት ቤት ስንት ነው? "ኧረ ተዉት፣ ለምደነዋል" የምንል ስንቶቻችን ነን?

ጌታ በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ አምስት ሺህ ወንዶችን አጠገበ። ከዚያ በኋላ ግን የተረፈው ፍርፋሪ እንዲሰበሰብ፣ ምንም እንዳይባክን አዘዘ። 12 መሶብ ሞላ። እስቲ አስቡት፤ ነገም ማብዛት የሚችል ጌታ ነው ፍርፋሪ ያስለቀመው! ብዙ ስላለው አላባከነም።

እኛም የወለጋ ሰዎች ዝናብ አልተነፈገንም። ክረምታችን ረጅም ነው፤ ዴዴሳም አንገርም ሞልተው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ይሁን እንጂ ጣሪያው ላይ እየዘነበ ቧንቧው የሚደርቅበት ቀን አለ። ውኃው በፈረቃ ሲመጣ እናቶች ጄሪካን ደርድረው ወረፋ ይጠብቃሉ። ሽንት ቤታችን ውስጥ የሚፈሰው ያ የሚጠበቀው ውኃ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በደቂቃ አንድ ብርጭቆ ወይም 200 ሚሊ ሊትር ብቻ ይፈሳል እንበል። በሰዓት 12 ሊትር ይሆናል፤ በቀን 288 ሊትር። ይህ ማለት ከ14 በላይ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ነው። በወር ስምንት ሜትር ኩብ ተኩል ያልፋል፤ ቆጣሪውም ይቆጥራል። ጎረቤታችሁ ሁለት ጄሪካን ለመቅዳት ጎህ ሳይቀድ ስትነሣ፣ ከእናንተ ቤት 14 ጄሪካን ማንም ሳይጠጣው ይወርዳል። ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ የሚለው ትእዛዝ እዚህም ይደርሳል።

ታዲያ ምን እናድርግ? የውኃ መያዣውን ክዳን አንሡ። ውስጡ ቀጥ ብሎ የቆመ ቧንቧ አለ፤ ትርፍ ውኃ የሚወርድበት ነው። ውኃው በዚያ አፍ እየገባ ከሆነ ተንሳፋፊውን ዝቅ አድርጉት፤ ውኃው ከቧንቧው አፍ አንድ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ይቁም። ተስተካክሎም ካልቆመ የማስገቢያው መዝጊያ አርጅቷል ማለት ነው።

ውኃው ከቧንቧው አፍ በታች ሆኖም የሚፈስ ከሆነ ከሥር ያለውን ጎማ ጠርጥሩ። ቡና መቼም ከቤታችን አይጠፋም፤ የቀዘቀዘና የተጣራ ጥቁር ቡና መያዣው ውስጥ ጨምሩና ማንም ሳይለቀው ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። መቀመጫው ውስጥ ያለው ውኃ ከጠቆረ ጎማው ያፈሳል። የውኃ መስመሩን ዝጉ፣ ደለሉን ከጎማው ጥረጉ፤ ካረጀም ለውጡት። ካልሆነላችሁ የቧንቧ ሠራተኛ ጥሩ፤ የድካሙንም ዋጋ ሳታጓድሉ ክፈሉት። አባቶች "ሳይቃጠል በቅጠል" ይላሉ።

"ቤቱ የኪራይ ነው፣ ምን አገባኝ?" የምትል ወንድሜ፣ ሉቃስ 16፥12ን አንብብ። ጌታ በሌላው ሰው ነገር ታማኝ መሆናችንን ይጠይቃል። አከራይ የሆንሽ እህቴም፣ የተበላሸውን ሳታሠሪ ሒሳቡን በተከራይ ላይ አትጫኚ። የቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ሽንት ቤትም "የጋራ ነው" ተብሎ ባለቤት አይጣ።

ወገኖቼ፣ ይህ ብልሽት ዓመት የሚቆየው ለምን ይመስላችኋል? ወለሉን አያጥለቀልቅም፣ አይሸትም። በልባችንም እንዲህ ያለ ነገር አለ። ባልና ሚስት ተኳርፈው ያድራሉ፤ እሑድ ግን "ሰላም ነው፣ ክብር ለጌታ!" ይላሉ። በአዳር ጸሎት "ጌታ ሆይ ሙላኝ" ብለን እንጮኻለን፤ ተሞልተንም እንመለሳለን። ማክሰኞ ግን ባዶ ነን። ኤፌሶን 4፥26 ፀሐይ በቁጣችን ላይ እንዳትገባ ይነግረናል። ስለዚህ ከሚቀጥለው የአዳር ጸሎት በፊት ዛሬ ማታ ይቅርታ ጠይቁ።

ጎማ መቀየር ማንንም አያድንም፤ የሚያድን ኢየሱስ ብቻ ነው። ለሳምራዊቷ ሴት የሕይወትን ውኃ የሰጠ ጌታ ለአንተም ለአንቺም ይሰጣል። ገና ያልተቀበላችሁት ካላችሁ በዚሁ ሰዓት ኑ፤ የተቀበላችሁትም የሰጣችሁን በአደራ ያዙ።

እንጸልይ። አባት ሆይ፣ ስለ ዝናቡም ስለ ቧንቧውም ውኃ እናመሰግንሃለን። በቤታችንና በልባችን የሚፈሰውን አሳየን፤ ለማበጀትም ትጋት ስጠን። ውኃ ፍለጋ የሚደክሙትን እናቶች አስብ። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።