«ቀኑ ደርሶ ነው» ማለት ይብቃን! የመድኃኒት ስህተትና የተጎጂው መብት

 

የእኛ አገር ሰው ተሟጋች ነው። ይህን ማንም አይክደንም። ጎረቤቱ ድንበር ገፍቶ አንድ ትልም ቢወስድበት «በሕግ አምላክ!» ብሎ ከወረዳ ደብረ ታቦር፣ ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር ድረስ ስንቁን ቋጥሮ ይሟገታል። ያው ሰው ግን ልጁ በተሳሳተ መድኃኒት ቢሞትበት «ቀኑ ደርሶ ነው» ብሎ አልቅሶ ይቀብራል። ለትልም የተሟገተ ለልጁ ነፍስ ዝም ይላል! ለምን? የመሬቱን ሕግ ያውቀዋል፤ የዚህኛውን ግን የነገረው የለም። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው።

ስህተት ስል ምን ማለቴ ነው? በጥድፊያ የተጻፈ ማዘዣ በግምት ተነቦ ስሙ የሚመሳሰል ሌላ መድኃኒት ሲሰጥ፤ በኪሎው ተሰልቶ መታዘዝ ላለበት ሕፃን የአዋቂ መጠን ሲሰጥ፤ «ፔኒሲሊን አይስማማኝም» ያለ በሽተኛ ያንኑ ሲወጋ፤ ለመገጣጠሚያ ሕመም በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰደው ሜቶትሬክሴት «በየቀኑ ዋጡ» ተብሎ ሲታደል ማለቴ ነው። ይሄ የመጨረሻው ሰው ይገድላል። የሽሮፕም ነገር አለ። «አንድ የሻይ ማንኪያ» ማለት 5 ሚሊ ሊትር ነው፤ የሾርባ ማንኪያ ግን 15 ይይዛል። ማንም ያላስረዳት እናት ባገኘችው ማንኪያ ብታጠጣ ልጇ ሦስት እጥፍ ወሰደ ማለት ነው። ጥፋቱ የእሷ ነው እንዴ?

በእርግጥ ጉዳት ሁሉ ጥፋት አይደለም። በትክክል የታዘዘ መድኃኒትም ሽፍታና ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል። ሌት ተቀን የሚለፋውን የጤና ባለሙያ በጅምላ መወንጀልም ነውር ነው። ስህተቱም የእኛ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ግምት የመድኃኒት ስህተት ዓለምን በዓመት 42 ቢሊዮን ዶላር ያስወጣል። የእኛን ነገር የከፋ የሚያደርገው ተጎጂው የሚሄድበትን በር አለማወቁ ነው።

በሩ ግን አለ! የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያዛል፤ በቸልተኝነት ከጣሰ ኃላፊ ነው። ጥፋቱ የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ የፈጸመው ከሆነ አንቀጽ 2126 ተጎጂው መንግሥትን ካሳ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። የግል መድኃኒት ቤት ከሆነ ባለቤቱ ስለ ሠራተኛው ይጠየቃል። በቸልተኝነት ሰው ከሞተ ደግሞ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበትን ሰው ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራትና በመቀጮ ይቀጣል።

ልብ በሉ! ከውል ውጭ የሚቀርብ የካሳ ክስ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የወንጀሉ ይርጋ ከዚያ ከረዘመ ግን በእሱ ይታያል። ዳኝነት የሚከፍሉት ከሌላችሁ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ ድሃ በነፃ እንዲከስ ይፈቅዳል።

ሕጉ ጉድም አለበት። ለሕክምና የወጣውና የቀረው ገቢ በልኩ ይካሳል፤ ለሞራል ጉዳት ግን በአንቀጽ 2116 ጣሪያው 1000 ብር ነው! በ1952 በሬ የሚገዛ ገንዘብ ዛሬ የበዓል ዶሮ ዋጋ ሆኗል። የእናት ሐዘን በዶሮ ይተመን እንዴ? ይህን ጣሪያ ማንሳት የሕግ አውጪዎች ዕዳ ነው።

ሌላው ዕዳ የጠበቃ ነገር ነው። የባሕር ዳርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ እሰየው! ግን ከነፋስ መውጫ ባሕር ዳር ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የወገዳ ገበሬ በምን ስንቅ ይድረስ? ድጋፉ አርብ ገበያም፣ መካነ ኢየሱስም፣ በየወረዳው ፍርድ ቤት ደጅ መቆም አለበት። በኒውዚላንድ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕክምና የተጎዳ ሰው ሐኪሙን ሳይከስ ከሕዝብ ፈንድ ይካሳል። እኛ ጋ ግን ድሃው ራሱ ያስረዳ ይባላል።

እንግዲህ በምን ያስረዳል? በወረቀትና በብልቃጥ! መድኃኒት ሰውዬውን ከጎዳው መጀመሪያ ወደ ጤና ተቋም አሩጡት፤ የቀረውን መድኃኒትም ይዛችሁ ሂዱ። ብልቃጡንና ካርቶኑን አትጣሉ። ማዘዣውን መድኃኒት ቤቱ ሳያስቀረው በስልክ ፎቶ አንሱት። የሕክምና ማስረጃችሁን ግልባጭ ጠይቁ፤ በቤታችሁም አኑሩት። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ነፋስ መውጫ በጦርነቱ ስትያዝ የጤና ተቋማት መዘረፋቸውን አትርሱ፤ የተቋም መዝገብ ይጠፋል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማን ምን እንዳለ ጻፉ። ከዚያ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክቱ፤ ማመልከቻውንም በቀሪ አስፈርሙ። ስለ መድኃኒቱ ደግሞ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ መስመር 8482 ደውሉ።

ወገኖቼ! ክስ ሙትን አያስነሳም። ነገር ግን የተጠየቀ ሰው ነገ ማዘዣውን ሁለት ጊዜ ያነባል፤ የጎረቤታችሁ ልጅ ይተርፋል። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። በደሉን የደበቀም ዳኛ የለውም!