ቆርኪና ቀለበት

በፍሎሪዳ ወይም በደቡብ እንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ማለዳ የተንሸራሸረ ሰው እነዚህን ሰዎች ሳያይ አይቀርም። ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ደፍተው፣ ጫፉ ላይ ሰሐን የመሰለ ክብ ነገር የተገጠመበትን ዘንግ በአሸዋው ላይ ግራና ቀኝ እያወዛወዙ ቀስ ብለው ይሄዳሉ፤ ድንገት ይቆማሉ፣ ጎንበስ ይላሉ፣ ይዝቃሉ፣ የዛቁትን ያበጥራሉ። የሚፈልጉት ዋናተኛ የጣለውን ቀለበት፣ የጆሮ ጉትቻ፣ የአንገት ሐብል ነው። መንገደኛው አይቷቸው ሲያልፍ ከሁለት አንዱን ያስባል፤ ወይ ሥራ ፈቶች ናቸው፣ ወይ በሰው ኪሳራ የሚከብሩ። እኔ በሁለቱም አልስማማም። ይህ ፍለጋ ጆሮንና ፍርድን የሚጠይቅ ሙያ ነው ባይ ነኝ። መሣሪያው የሥራው ትንሿ ክፍል ናት፤ የሰውየው ችሎታ የሚለካውም ምን እንዳገኘ በመቁጠር ሳይሆን የቱ ድምፅ ሊዛቅ እንደሚገባው በመለየቱ፣ ያገኘውንም ለባለቤቱ ለማድረስ በሚያውቀው መላ ነው።

በመሣሪያው እንጀምር። ዲቴክተር የሚባለው ይህ ብረት ጠቋሚ፣ በሆቴል በር ጠባቂው በሰውነታችን ዙሪያ ከሚያዞረው መፈተሻ ጋር ዘመድ ነው። በሰሐኑ ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅል ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። መስኩ ከአሸዋው ሥር ብረት ነክ ነገር ሲያገኝ በውስጡ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ አዙሪቶች ያስነሣል፤ አዙሪቶቹም በተራቸው የራሳቸውን መስክ ይሰዳሉ፤ ያ መልስ በማዳመጫው ውስጥ ድምፅ ሆኖ ይሰማል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ዲቴክተር ወርቅን ወርቅነቱን አያውቅም። የሚያውቀው ከሥር ያለው ነገር ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ፣ ስፋቱና ቅርጹም ምን ያህል እንደሚመልስ ነው። በዚህ ሚዛን ደግሞ ቀጭን የወርቅ ቀለበትና የለስላሳ ጣሳ መክፈቻ ጎረቤታሞች ናቸው። ኤርማል ፍሬዝ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1963 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ተነቃይ የጣሳ መክፈቻ፣ ከጣሳው ጋር ተያይዞ የሚቀረው ዓይነት በ1970ዎቹ እስኪተካው ድረስ በየባሕር ዳርቻው ሲጣል ኖሯል፤ አልሙኒየም ስለሆነም አሁን ድረስ አልዛገም። ዘመናዊ መሣሪያዎች እንዲህ ያለውን ቆሻሻ ዝም የሚያሰኝ ማስተካከያ አላቸው። ጀማሪው ደስ ብሎት ይጠቀምበታል፤ መክፈቻውን ዝም ሲያሰኝ ግን ቀለበቱንም አብሮ ዝም አሰኘው። የበቃው ፈላጊ ሁሉንም ድምፅ ከፍቶ ይሰማል፤ ከዚያም የድምፁን ጥራት፣ ርዝመትና ዳርቻውን አመዛዝኖ ይዝቃል። ብዙውን ጊዜ የሚወጣለት ቆርኪ ነው። ወርቅ ላበደረ ጠጠር የሚለው ተረት ለባሕር የተተረተ ይመስላል።

የአንገት ሐብል ነገር ደግሞ ይብሳል። ወፍራም ሐብል እንኳ ከአንድ ድፍን ቀለበት ያነሰ ድምፅ ሊሰጥ ይችላል፤ አዙሪቱ በእያንዳንዱ ጥቃቅን ዘለበት ውስጥ ተወስኖ ስለሚቀር ነው። የአንገት መስቀሉ በባሕር የወደቀበት ሰው፣ ፈላጊው ሐብሉን ትቶ የመስቀሉን ድምፅ ቢያሳድድ ሊገርመው አይገባም። እርጥብ የባሕር አሸዋም የራሱ ጣጣ አለው። ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ አንዳንዱ መሣሪያ ባዶ አሸዋ ላይ ይንጫጫል። ለዚህ የተሠራውና ኤሌክትሪኩን በቅጽበታዊ ምት የሚልከው ዓይነት ጨውን ከቁብ አይቆጥረውም፤ ሆኖም ሚስማርን ከወርቅ መለየት ስለሚያዳግተው የሰውየውን ወገብ ያስከፍላል።

ገንዘብ ያለው ሰው ውድ መሣሪያ ገዝቶ ሙያውን አብሮ ሊገዛው ይችላል የሚል ይኖራል። ለዚህ መልሱ ከመሣሪያው ልደት ጀምሮ አለ። በጁላይ 1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በጥይት ሲመቱ፣ ፈልሳፊው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በሰውነታቸው ውስጥ የቀረውን ጥይት የሚጠቁም መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው በሙከራ ጊዜ ይሠራ ነበር። በታማሚው አልጋ አጠገብ ግን ሁለቴ ተሞክሮ አልሆነም። አልጋው የብረት ሽቦ ነበረበት፤ ከዚያም የባሰው፣ ዋናው ሐኪም ጥይቱ በቀኝ በኩል ነው ብሎ ስለደመደመ ፍተሻው የተካሄደው በቀኝ ጎናቸው ነበር። ፕሬዚዳንቱ በሴፕቴምበር ሲሞቱ ጥይቱ በግራ ተገኘ። የተሳሳተ ቦታ ላይ የተያዘ ጥሩ መሣሪያ ምን እንደሚፈይድ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም።

ቦታ መምረጥ ደግሞ ባሕርን ማንበብ ነው፤ ነገሩ የዕድል ጉዳይ ነው ለሚሉም መልሱ ያለው እዚሁ ላይ ነው። ቀለበት የሚጠፋው እንዲሁ በየትም አይደለም። ቀዝቃዛ ውሃ ጣትን ያኮማትራል፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ያሙለጨልጫል፤ ስለዚህ ሰው ከወገቡ በላይ ገብቶ በሚጫወትበት መስመር ላይ ቀለበት ይወልቃል። በደረቁ አሸዋ ላይ ደግሞ ቅባት ለመቀባት አውልቆ ፎጣው ላይ ያኖራል፤ ፎጣው ሲራገፍ አብሮ ይራገፋል። ከወደቀ በኋላ ሥራው የማዕበሉ ነው። ንጹሕ ወርቅ ከውሃ 19 ጊዜ ያህል ይከብዳል፤ ባለ 18 ካራቱ እንኳ 15 ጊዜ ገደማ። አሸዋ ግን ከሁለት ተኩል ብዙም አያልፍም። ማዕበል አሸዋውን ባናወጠው ቁጥር ወርቁ ወደ ታች ይሰምጣል፤ የሚያስቆመው ጠንካራ ሸክላ ወይም የዛጎል ንጣፍ ነው። ማዕበሉ ከባዱን ከቀላሉ ስለሚለይ የዓሣ አጥማጅ እርሳስ፣ ሳንቲምና ቀለበት በአንድ ጎድጓዳ ይሰባሰባሉ። ብልህ ፈላጊ ከዚህ ተነሥቶ ይፈርዳል። የሚያወጣው ሁሉ ስስ አልሙኒየም ከሆነ ቦታውን ይለቃል፤ እርሳስና ሳንቲም ሲያወጣ እርምጃውን ያዘገያል። ከመሣሪያው አቅም በታች የሰመጠውንም ዐውሎ ነፋስ የላይኛውን አሸዋ ጠርጎ እስኪያቀርብለት ይጠብቃል። የስፔን መርከቦች በ1715 በሰጠሙበት የፍሎሪዳ ዳርቻ ከዐውሎ በኋላ የድሮ ሳንቲሞች የሚገኙት በዚሁ ምክንያት ነው። በእርግጥ ዕድልም ድርሻ አላት፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ዳርቻ ሲውሉ ግን በተደጋጋሚ የሚያገኘው አንዱ ከሆነ፣ ዕድል የሚለው ቃል ነገሩን አይገልጸውም። መተዳደሪያ ይሆናል ወይ ለሚል ግን እንጃ፤ ለአብዛኛው የመሣሪያውን ዋጋም አይመልስም።

ከባዱ ክርክር የሥነ ምግባሩ ነው፤ የሌላውን ሐዘን እየለቀመ የሚደሰት ሰው ምን ሙያ አለው ይባላል። ሕጉ እንኳ እንዲህ አይመለከተውም። በ1722 እንግሊዝ ውስጥ አንድ የጭስ ማውጫ ጠራጊ ልጅ ጌጥ አግኝቶ ሊያስገምት ወደ አንጥረኛ ቤት ወሰደው፤ የአንጥረኛው ተለማማጅ ፈርጡን ነቅሎ አስቀረበት። ፍርድ ቤቱ ያገኘ ሰው ከእውነተኛው ባለቤት በስተቀር ከማንም የበለጠ መብት አለው ሲል ለልጁ ፈረደ። ክብደቱ ያለው «ከእውነተኛው ባለቤት በስተቀር» በሚለው ላይ ነው። ትናንት የወደቀ የቃል ኪዳን ቀለበት ባለቤት አለው፤ ባለቤቱን ማግኘት እየቻሉ ዝም ብሎ ኪስ መክተት በእንግሊዝ ሕግ ስርቆት ሊሆን ይችላል። ሙያውም ይህንን ፍለጋ ያጠቃልላል። 750 የሚለው ማኅተም ወርቁ 18 ካራት መሆኑን ከመናገር አያልፍም፤ ወደ ባለቤቱ የሚመራው በውስጠኛው ፊት የተቀረጸው ስምና የሠርግ ቀን ነው። የሚያስተውል ፈላጊ ቀለበት ማግኘቱን እንጂ ጽሑፉን አያወራም፤ የእኔ ነው የሚል ሲመጣ ጽሑፉን እርሱ እንዲነግረው ይጠይቃል።

ቅርስን በሚመለከት ግን ለተቺዎቹ እጄን እሰጣለሁ። አፈሩን በታትኖ ያወጣ ሰው የዕቃውን ታሪክ አብሮ በትኖታል። በእስራኤል በ1978ቱ የቅርስ ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ በዲቴክተር ቅርስ መፈለግ ክልክል ነው፤ ከኢትዮጵያውያን ወገኖቻችን ብዙዎች የሚኖሩባት አሽቀሎንም የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ባሕሩን ተደግፎ የቆመባት ናት። ሆኖም ሙያው ራሱ የቅርስ ጠላት አይደለም። በ1992 ኤሪክ ሎውስ የተባለ ሰው ሆክስን በተባለች የእንግሊዝ መንደር የወዳጁን ጠፍቶ የቀረ መዶሻ በዲቴክተር ሲፈልግ የሮማውያን ወርቅና ብር አገኘ። ጥቂት እንዳወጣ መቆፈሩን አቁሞ ባለሥልጣናቱን አስጠራ፤ አርኪዮሎጂስቶች ወደ 15,000 የሚጠጉ ሳንቲሞችን ከነአቀማመጣቸው አወጡ። መዶሻው ሳይቀር ብሪቲሽ ሙዚየም ገብቷል።

ከእናንተ መካከል ቀለበቱ ባሕር ዳር የወደቀበት ካለ፣ በእጁ አሸዋውን አይቆፋፍር፤ ከማግኘት ይልቅ ይበልጥ ይቀብረዋል። ከቆመበት ሆኖ በስተኋላው ያለን ሕንፃና ምሰሶ በአንድ መስመር ያስተውል፣ በጎኑም እንዲሁ ሌላ መስመር ይያዝ፤ ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ የቆመበት ነው። ሰዓቱን ይመዝግብ፤ ውሃው በዚያ ሰዓት እስከ የት ደርሶ እንደነበር ማወቅ ለፈላጊው ከማንኛውም ገለጻ ይበልጣል። ከዚያ በየአካባቢው ካሉት የዲቴክተር ማኅበራት ወደ አንዱ ይደውል፤ ሳይከፈላቸው የሚመጡ አሉ፤ የሚያስከፍል ካለም ከመዛቁ በፊት በዋጋው ይስማማ።